ጥሎን የሄደው አጥቂ

ከፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ

ይድረስ ለልጄ ለኖላዊ። በካናዳው ብርድ እንዴት ከረምክ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ማንም ሳይደግፈኝ እሄዳለሁ። የምናገረውን የምትጽፍልህ ጎረቤታችን ትርሲት ናት።

ቅዳሜ ዳውንታውን ወርጄ የበረዶ ላይ ሆኪ አየሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር ኮቴን አስቀመጥኩበት። ያ የምትወደው አጥቂ፣ አምና ጥሎን የሄደው፣ የባላንጣዎቻችንን ማልያ ለብሶ መጣ። «ከሃዲ!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ ግን ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ከኋላዬ የነበረች የአገራችን ሴት «ጋሼ፣ ኧረ ይረጋጉ! ስንት ዓመት የተጫወተልን ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፤ ስድቡ ጨዋታው ሲጀመር ይደርሳል» አለችኝ። እኔም ተነስቼ አጨበጨብኩ። እውነትም ጨዋታው ተጀምሮ ያቺን ጠፍጣፋ ኳስ ሲነካ ያው ሕዝብ ጮኸበት። እኔም ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

ትርሲት «ጋሼ፣ ‹ናፍቀኸኛል› የሚል ልጨምርበት?» ትለኛለች። ያላልኩትን እንዳትጽፊ ብያታለሁ።

አንተ የሄድክ ቀን ልሸኝህ ያልወጣሁት ጉልበቴን አሞኝ ነው። አሁን ድኗል፤ ቅዳሜ ያጨበጨብኩት ቆሜ ነው። ብትመጣ ኤርፖርት ድረስም ያደርሰኛል።

ብርድ አይንካህ፣ ክፉም አይይህ።

አባትህ ጌታሁን