ደህናው ዓይን ሲሸፈን

ድሬዳዋ፣ የካቲት 4 ቀን 1981

ይድረስ ለባለቤቴ ለሣህሉ፣ ካለህበት ግንባር፤

ጤናህ እንዴት ነው? በሚያዝያ ከጻፍክልን ወዲህ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ደርቋል፤ እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ብዕር ያነሣሁት ለደስታ ነው! የልጃችን የፀዳለ ግራ ዓይን እየዳነ ነው!

ሐኪሙ "ዓይኗ ሰንፏል፤ እንዲሠራ ደህናውን ሸፍኑት" ብሎን ነበር። ለካ እናትህ እኔ ሥራ ስሄድ አዝነውላት መሸፈኛውን ወደ ታመመው ያዞሩት ኖሯል! ብጠይቃቸው "ደህና ዓይን መሸፈን ምን የሚሉት ሕክምና ነው?" ብለው ተቆጡኝ። ወር ሙሉ በከንቱ!

አሁን ባለሱቋ ጎረቤታችን ኹርሲ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ መሸፈኛ ሰፍታላታለች። ፀዳለ ጠዋት ጠዋት ራሷ መርጣ ታደርጋለች፤ አያቷም እንዲነኩባት አትፈቅድም። ትናንት በግራ ዓይኗ ብቻ የኹርሲን መርፌ ክር አስገባችላት! ኹርሲ "ማሻአላህ!" ስትል እናትህ እልል አሉ።

በዚያው ደስታ ደብዳቤህን እንድታነብልን ሰጠናት። አንድም ቃል ሳትስት አነበበችው። ለመፈተን ወረቀቱን ብገለብጥባት ባዶውን ጀርባ እያየች ማንበቧን ቀጠለች፤ ለካ በቃሏ ይዛዋለች። ጋዜጣ ብሰጣት ደግሞ "የአባባን ካልሆነ አላነብም" ብላ አሻፈረኝ አለች። ሐኪሙ በየቀኑ ታንብብ ብሏል።

እናትህም ኹርሲም ሰላም ብለውሃል፤ ማርያም ከፊትህ ከኋላህ ትሁን። ሁለት መስመርም ብትሆን አዲስ ጽሑፍ ላክልን። ለዓይኗ ነው።

ባለቤትህ ተሻለች