የጨመርኸው ሻማ

ጅጋ፣ መጋቢት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ ምስክር፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላላወቅሁበት ነው፤ እንዳትሳሳት። ዐሥራ አንድ ጊዜ ደውለህ አንዴ ብቻ አነሣሁልህ። በስልክ ከሆነ ከስድብ ሌላ አይወጣኝም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ፤ ሳታቋርጥ አንብበው።

ፍኖተ ሰላም አብረን ስናስተምር፣ ለሰው የፌስቡክ ፎቶ በእጅ መሣል የጀመርነው በቀልድ ነበር። «ፎቶ ላይ ፊቴ አያምርም» ብለህ ስታማርር በእስክሪብቶ ሣልሁህ፤ አንተም ለጠፍኸው። ከዚያ መምህሩም ተማሪውም «እኔንስ?» አለ። እኔ ፊቱን በእስክሪብቶ አወጣለሁ፤ ጥላውንና ብርሃኑን በጥቁርና በነጭ ማርከር እሞላለሁ። አንተ ክፍልህ መስኮት ሥር ፎቶ አንሥተህ ትልክላቸዋለህ። ወረቀቱም ማርከሩም አንተ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። አምኜህ ነበራ!

ወንድሜን ድረስን የሣልሁት ለጥምቀት ከቡሬ ሲመጣ ነው። ከጋራዥ በቀጥታ መጥቶ ጉንጩ ላይ ግራሶ ነበረበት። ልተወው ስል፣ «ኧረ ጨምሪው! ሥራ ፈት ልታስመስይኝ ነው?» አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

ከወር በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ በነቀምት መንገድ የተበላሸ የጭነት መኪና ሊጠግን ሄደ። መኪናው ተንሸራቶ ገደለው።

ዓርብ ጧት፣ ሬሳው ያለበት ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ፣ ከማንም በፊት የደወልሁት ለአንተ ነው። «ምስክር፣ ድረስ ሞተ። እማዬ አልሰማችም። አጎቴ ወልደ ሥላሴና የነፍስ አባቷ ነገ ጎሕ ሲቀድ ያረዷታል። እስከዚያ ለሰው እንዳትተነፍስ» አልሁህ። «በእመቤቴ፣ አልናገርም» አልኸኝ።

እውነትም አልተናገርህም። ለጠፍህ።

የድረስን ሥዕል ከወረቀቶቹ መካከል አወጣህ። ዙሪያውን በእኔው ማርከር አጠቆርኸው፤ ደረቱ ላይ የሚበራ ሻማ ሣልህ፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ብለህ ጻፍህ። ጥጉ ላይ ያለችውን የእኔን ፊርማ ግን አልነካሃትም። ሰው ሁሉ እኔ የሣልሁት መሰለው። «ያምሮት፣ እጅሽ ይባረክ!» አሉ። አንተም ገብተህ «እናመሰግናለን» ብለህ መለስህላቸው። ምን ተሸለምንና ነው የምታመሰግነው?

በዚያው ዓርብ እማዬ ጅጋ ገበያ በርበሬዋን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሕሊና፣ እማዬ የሰማች መስሏት፣ እያለቀሰች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» ብትላት ስልኳን አሳየቻት። እማዬ ፊደል አትለይም። የልጇን ፊትና ሻማውን ግን ለየች።

እኔ ይህን ሰምቼ ከአጎቴና ከቄሱ ጋር እየሮጥሁ ስደርስ ቤቱ በዋይታ ተሞልቷል። እማዬ ስታየኝ ደረቷን መድቃት አቆመች።

«ሥለሽ ጨርሰሽ መጣሽ?» አለችኝ። «ለአገር ለምድሩ አሳይተሽ፣ የወለድሁትን እኔን የሁሉ መጨረሻ አደረግሽኝ?»

«እማዬ፣ ሻማውን የጨመርሁት እኔ አይደለሁም።»

«እጅሽን አላውቀውም?» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ የሰጣትን ውኃ ትጠጣለች፤ እኔ የሰጠኋትን ሳትቀምስ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች። እንዲህ ሆነን ሦስት ሳምንት አለፈ። ለወንድሜ እንኳ ደኅና አድርጌ አላለቀስሁም፤ ከፊቷ ሳለቅስ የማስመስል ይመስላታል።

አንዴ ባነሣሁልህ ስልክ ምን አልኸኝ? «እሳቸው ስልክ የላቸው፣ የት ያዩታል ብዬ ነው። ላከብረው ብዬ ነው።» ስልክ የሌላት እናት መርዶዋን በወግ መስማት አይገባትም? ደግሞ «አጠፋሁት» ትላለህ። የቡሬ ጓደኞቹ ፕሮፋይል አድርገውታል፤ ተማሪዎቻችንም አድርገውታል። የቱን ነው ያጠፋኸው?

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ስትለኝ ዝም ያልሁህ እንቢ ለማለት አልነበረም። ይህን የምነግርህ ያበላሸኸውን ልክ እንድታውቅ ነው። እንዳትልክ።

ትናንት እማዬ ፊት ተቀመጥሁና፣ ለአንተ ከደወልሁባት ጧት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋት። ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል ሰማችኝ። ስጨርስ፣

«እናት የለውም?» አለችኝ።

«አለችው። አዴት ናት።»

እጇ መልቀሙን ተወ።

«እንግዲያስ ይምጣ» አለች። «ዓይኑን ልየው።»

እኔ ብሆን አልጠራህም ነበር፤ የጠራችህ እሷ ናት። አርባው መጋቢት 19 ነው። ሰው ሳይሰበሰብ በጧት ና። ሻማውን ማን እንደጨመረው በራስህ አፍ ንገራት። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትልህ እኔም አላውቅም።

የድረስ እህት፣
ያምሮት