እኔ የቆረጥኩት የሰርግ ቀን

ይድረስ ለእማዬ አጋዥ፣ ለእኔ አባት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእህቴ፣ ለእታለም።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አዲሱ ቤት ተስማማሽ ወይ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብሽ የጆሮ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ጥጥ እየወተፍሽ ነው የምትውይው? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? እኔ ደኅና ነኝ። የምነግርሽ ነገር ሁሉ «ደኅና ነኝ» ከምትለው ከዚህች ቃል የሚነሣ ነው። አሁን ደኅና ነኝ፤ ያን ሰሞንም ደኅና ነበርኩ። በሰርግሽ ሳምንት አልታመምኩም፣ እታለም።

ይኸው ወጣልኝ። እዚህ መስመር ላይ ለመድረስ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ ብታይ፣ «የሰው ወረቀት አትጨርስ» ብለሽ ትቆጪኝ ነበር። አሁን ግን ከተጀመረ ይለቅ፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና የባለቤትሽ ቤተሰቦች ቀን እንቁረጥ ባሉ ጊዜ «ወንድሜ ሳይኖር አላገባም፤ የሚመቸውን እሱ ይናገር» ያልሽው አንቺ ነሽ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እኔን ለማስተማር ስትይ ስንቱን ጠያቂ እንደመለስሽ አውቃለሁና፣ ያን ቀን ከጎንሽ መቀመጥ የእኔ ድርሻ ነበር። የባለቤትሽ አባት «ዓሥራ አንደኛው ወር ላይ ዘመዶቻችን ሁሉ ሥራ ይፈታሉ፤ ያኔ ይሁን» ብለው ነበር። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የምሠራበት እርባታ ውስጥ በዚያ ሰሞን ከሠላሳ የሚበልጡ ላሞች በኮርማ ተጠቅተው ነበር። እዚህ ወሩን የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ ላሞቹ የተጠቁት ሦስተኛው ወር ሲገባ ነው። ላም እንደ ሰው ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ትሸከማለች። መውለድ ሲጀምሩ ከበረት የሚወጣ ሠራተኛ የለም፤ ተራ ገብተን፣ ድርቆሽ ላይ እየተጋደምን ነው የምንጠብቃቸው። እና አንቺ ደውለሽ መቼ ይመችሃል ስትይኝ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል አጣብቄ፣ በረቱ በር ላይ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስተኛው ወር አንድ፣ አራተኛው ሁለት፣ አምስተኛው ሦስት እያልኩ ስሄድ ዘጠኙ ዓሥራ አንደኛው ወር ላይ ሞላልኝ። የጀመርኩበትን ወር ራሱን አንድ ብዬ መቁጠሬ ነው ጉዱ። ሰኞ የተቀጠረ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት «አንድ ቀን ሠርቻለሁ» እንደማለት ነው። በሦስት ላይ ዘጠኝ ሲጨመር ዓሥራ ሁለት መሆኑን ፊደል ያልቆጠረም ያውቀዋል። እኔ ግን ጣቴን አምኜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ዓሥራ አንደኛው ወር ላሞቼ የሚወልዱበት ነው፤ ዓሥራ ሁለተኛው ይግባና ሁለተኛው ቅዳሜ ይሁን» አልኩሽ። የባለቤትሽ አባት ቅር እያላቸው «እንግዲህ ልጁ ካለ ይሁን» ማለታቸውን ራስሽ ነገርሽኝ። እኔም በኩራት ሳቅኩ።

ለአለቃችንም ያንኑ ነገርኳቸው። እሳቸው መዝገብ ማገላበጥ አይወዱም፤ «አንተ ካልክ» ብለው ለሁለት አላቢዎች ዓሥራ ሁለተኛው ወር ላይ ፈቃድ ሰጡ።

ስምንተኛው ወር ላይ የከብት ሐኪሙ መጡ። ያንን እስከ ብብት የሚደርስ ጓንታቸውን አጥልቀው አንዷን በአንዷ መረመሩና «ዓሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከአሥር በኋላ ተዘጋጁ» አሉን። እኔ ፈገግ ብዬ «ዓሥራ አንደኛው ለማለት ነው ዶክተር» አልኳቸው። ሳይቆጡ ጓንታቸውን እያወለቁ «ሦስተኛው ላይ ተጠቁ። አራተኛው ሲገባ ገና አንድ ወር ሆናቸው…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

እታለም፣ ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። ወራት ነበሩን፤ ቀኑ ይለወጥ ነበር፤ የተጠራውም ሰው ይነገረው ነበር። አልደወልኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ አንቺ ስትደውዪ ስለ ቀሚስሽና ስለ አዳራሹ ስታወሪኝ፣ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ስልኩን ዘጋሁ። ምን ብዬ ልናገር? የባለቤትሽን አባት ከነዘመዶቻቸው ቀን ካስለወጥኩ በኋላ «መቁጠር አልችልም ነበር» ልበል? ከልጅነቴ ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ «ወንድሜ ጭንቅላቱ ሒሳብ ነው» ስትይ የኖርሽው አንቺ ነሽ፤ እንዴት ብዬ ላሳፍርሽ? ይህን ለራሴ ስነግረው ላንቺ ያሰብኩ ይመስለኝ ነበር። ለራሴ ነው ያሰብኩት። ይልቅ ምን ሳደርግ ከረምኩ መሰለሽ? ላሞቹ ቀድመው ቢወልዱልኝ ብዬ በየጠዋቱ ጎናቸውን እየዳሰስኩ እለምናቸው ነበር። ላም ደግሞ ምን ቸገራት፣ ታመነዥጋለች።

ሰርግሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለቃችንን ፈቃድ ጠየቅኩ። እሳቸውም «ሁለቱን አላቢ ልጆች በማን ቃል ነው ያሰናበትኳቸው?» አሉኝ። በእኔ ቃል ነበር። ልጆቹ ቲኬታቸውን ቆርጠው፣ ለቤተሰቦቻቸው መጣን ብለው አሳውቀዋል። አለቃችን «ልሂድ ካልክ አልይዝህም፤ ግን እነዚህን ለማን ትተህ ነው?» ብለው ወደ በረቱ በእጃቸው አሳዩኝ። የቀረነው እኔና አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነን፤ እሱም ሹክ ማለት የማይችል ስለሆነ ጡሩምባ ነው የምንለው።

ሰርግሽ ሦስት ቀን ሲቀረው የደወልኩት እውነቱን ልነግርሽ ነበር። የድርቆሹ ብናኝና በላሞቹ ላይ መጮሁ ጉሮሮዬን ዘግቶት ስለነበር፣ ገና ሃሎ ስል «ድምፅህ ምን ሆነ? አሞሃል እንዴ?» አልሽኝ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር! ትኩሳት አልኩሽ፣ ሐኪም ከአልጋ አትነሣ ብሎኛል አልኩሽ፤ ሳላስበው አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ መጣ። አንቺ ደግሞ ሳትቆጪ «ሰርጉን ትቼ ልምጣ?» አልሽኝ። ይህ ቃልሽ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አይሆንም ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ላም አለብኩ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን እማዬ እንዳልነገረችሽ አውቃለሁ። በሰርግሽ ማግስት «ልጄን አይቼ ልምጣ» ብላ ስትነሣ ያላችሁትን ሁሉ እንዳልሰማች፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ እርባታው በር ላይ ደረሰች። ለሰርግሽ የተሰፋላትን ቀሚስ እንደለበሰች ናት። በአንድ እጇ ብርድ ልብስ፣ በሌላው ማርና ሎሚ የቋጠረችበት ጨርቅ ይዛለች። በሩ ላይ ያገኘችው ማንን ይመስልሻል? ጡሩምባን። «ልጄ ተሻለው ወይ?» ብትለው «የቱ ልጅዎ፣ እማማ?» አላት። እኔ መሆኔን ስትነግረው፣ «እሱ ከታመመማ እኔ ሞቼ ተቀብሬያለሁ! ይኸው ከማለዳ ጀምሮ በረቱን በዘፈን እያናጋው አይደል!» ብሎ እየሳቀ ይዟት ገባ።

እውነትም እየዘፈንኩ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ አካፋ ይዤ ዞር ስል እማዬን አየኋት። ዘፈኑ አፌ ውስጥ ደረቀ። አልጮኸችም። ጭቃውን በዚያ ነጭ ጫማዋ እየረገጠች መጣችና የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አደረገች፤ ትኩሳት ሲይዘን እንደምታደርገው። ቆየች። «ቀዝቃዛ ነው» አለች። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ ከኋላችን አንዲት ጊደር አቃሰተች። የመጀመሪያዋ ነው፤ ምጡ ጠንቶባታል። ጠጋ ብዬ ባይ የጥጃው አንድ የፊት እግር ወጥቷል፤ ሌላው ታጥፎ ውስጥ ቀርቷል። ጡሩምባ ሐኪሙን ሊጠራ ሮጠ፤ እኔ ገመድ አንሥቼ ልስብ ስል እማዬ «እንዳትስበው፣ ትገድለዋለህ!» ብላ ጮኸች። የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ፣ የዚያን ቀሚስ እጅጌ እስከ ክርኗ ጠቅልላ፣ እጇን በሳሙና ለቅልቃ ተንበረከከች። የእኔ እጅ ወፍራም ነው፤ የእሷ ቀጭን። ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፍታ፣ የታጠፈውን እግር በመዳፏ ሸፍና ቀና አደረገችውና «አሁን፣ ስታምጥ አብረህ ሳብ፤ ስታርፍ አንተም እረፍ» አለችኝ። ሳብኩ። ተንሸራትቶ ሁለታችንም ላይ ወደቀ። አይተነፍስም ነበር፤ እማዬ አፍንጫውን በጣቷ ጠርጋ በሰንበሌጥ ነካካችው፤ አነጠሰ። ሴት ጥጃ ናት። ለሰርግሽ የተሰፋው ቀሚሷ ግን ቀሚስ መሆኑ ቀረ።

እጃችንን ቧንቧው ሥር እየታጠብን ሳለ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወሩን እንዴት እንደቆጠርኩ፣ መቼ እንዳወቅኩ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «ቁጥር ይስታል። አባትህም ከደመወዙ ይልቅ የሳተው ቁጥር ይበዛ ነበር» አለችኝ፤ ትስቃለች ብዬ ቀና ስል ዓይኗ ሞልቷል። «እኔ ግን በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ስቀብርህ ነው የመጣሁት። ማን አስከሬንህን እንደሚሸኝልኝ፣ ለእህትህ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ነው የመጣሁት» አለችኝ። እታለም፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰርጉንም ነገር የሰማሁት ከእሷ ነው። ከጎንሽ የነበረውን ወንበር አጎታችን ሊቀመጥበት ሲል «ባለቤት አለው» ብለሽ ነጠላሽን እንዳስቀመጥሽበት፣ የቤተሰብ ፎቶ ይነሣ ሲባል «ወንድሜ ሳይድን አልነሣም» ብለሽ ፎቶ አንሺውን እንደመለስሽው ነገረችኝ። ያን ጊዜ እኔ ምን እያደረግኩ እንደነበር አስቤ አገኘሁት፤ ከጡሩምባ ጋር ቀልድ እያወራሁ ምሳ እየበላሁ ነበር።

አልጋዬን ለቅቄላት እኔ ድርቆሽ ላይ አደርኩ። ጠዋት አውቶቡስ ስትሳፈር ይቅርታ ጠይቂልኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። «እኔ ተሽሎታል ብቻ ነው የምላት። ሌላውን አንተው ጻፍላት፤ የእኔን አፍ አትዋስ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ። ለመጻፍ ይህን ያህል መቆየቴም ሌላ ኃፍረት ነው።

ሁለቱ አላቢዎች ሲመለሱ የቀኑ ስህተት የእኔ እንደነበር በሁሉም ፊት ተናገርኩ። አለቃችን «ከእንግዲህ አንተ እለብ፤ ሐኪሙ ይቁጠሩ» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ላሞቹ ወልደው አልቀዋል። ፈቃዴም ተፈቅዶልኛል፤ ግን ተነሥቼ አልመጣም፤ ቀንም አልቆርጥም። ና ካልሽኝ በማግስቱ እሳፈራለሁ። መጀመሪያ የምሄደው ወደ ባለቤትሽ አባት ቤት ነው፤ እሳቸውን አንቺ አትንገሪያቸው፣ ፊታቸው ቆሜ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አትምጣ ካልሽኝም ትክክል ነሽ፤ እስክትጠሪኝ እጠብቃለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አማች ሆኜ ገና ሳላቅፈው ዋሽቼዋለሁና እንዲያዝንብኝ ፍቀጂለት። አጎታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሌላ ወንበር እንቢ ብለው ቆመው መዋላቸውን ሰምቻለሁ፣ እግራቸው እንዴት ሆነ? የአጎታችንን ሚስት፣ ሳል የማይለቃቸውን፣ ሰላም በይልኝ። ትንሿን የእህታችንን ልጅ፣ «አጎቴ ሞተ ወይ?» እያለች ስትጠይቅ የነበረችውን፣ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚና አልሞተም በያት። ለእማዬ ግን ሰላምታ አልልክም። ይህን ስታነቢ ሥራ የያዘች መስላ ከጎንሽ ሆና ፊትሽን እንደምታይ አውቃለሁ። ስትጨርሺ ምንም አትደብቂያት፤ ብታለቅሺም፣ ብትሰድቢኝም፣ ለእሷ ንገሪያት።

የበደለሽ ወንድምሽ

ከበረቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ በአዲሱ ዓመት በሁለተኛው ወር፣ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጻፈ።