የአባባንና የኦቦ ሞቱማን ጠመንጃ ስለ መለዋወጥ

ለወንድሜ ለሽመክት፣

እንደምን ከረምክልኝ? የካርቱም ሙቀት ጋብ አለላችሁ ወይ? አረጋሽስ ወገቧን ተሻላት? ድንቅቱ ጥርስ አወጣች? እኛ በሕይወት አለን። እማዬ ደህና ናት ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ትበላለች፣ ትሳለማለች፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ካልጠየቋት አታወራም። ኢንተርኔቱ ተዘግቷል፤ የምነግርህም በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ በመተማ ለሚያልፍ ሾፌር እሰጣለሁ።

ከትምህርት ቤት መባረሬን ሳትሰማ አልቀረህም። አምና የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ከክፍል የወጡትን ልጆች ስም ጽፈሽ አምጪ አሉኝ። የተቀጠርኩት ሂሳብ ላስተምር ነው፣ ስም ልለቅም አይደለም አልኳቸው። በሳምንቱ «ሥራዋን በአግባቡ ስላልተወጣች» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። አልፈረምኩበትም፤ ዛሬም አልፈርምም።

አሁን የምጽፍልህ ግን ስለ አባባ ጠመንጃ ነው። ያ ፈረንጅ አዳኝ ከጊቤ በረሃ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባባና ለጓደኛው ለኦቦ ሞቱማ አንዳንድ ጠመንጃ እንደሰጣቸው ታውቃለህ። የኦቦ ሞቱማ ልጅ ጉርሜሳ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብሮኝ የተማረው፣ መስከረም 25 ዓለም ገና መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በእጁ ምንም አልያዘም ነበር ይላሉ አብረውት የነበሩት። ቀብሩ በጥድፊያ ሆነ፤ ድንኳን አልተተከለም፣ ሰውም ድምፁን አውጥቶ አላለቀሰም።

ባለፈው ሳምንት ኦቦ ሞቱማ መጥተው ጠመንጃችሁን በጠመንጃዬ ለውጡልኝ አሉ። አጎታችን ጋሽ ገብረየስ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ሰውየውን ኀዘን አዙሮታል፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ስጡት አሉ። ቆይ ላስብበት ብል፣ ሴት ልጅን ስለ ጠመንጃ ማን አማከራት ብለው ሳቁብኝ። አባባ ሲፈታው ዘይቱን እይዝለት የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አኩርፈውኛል።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አየኋቸው። ሁለቱም ከቃታው ሥር ያለውን ብረት ወደ ታች ስበው የሚያቀባብሏቸው ያረጁ የአደን ጠመንጃዎች ናቸው። የኦቦ ሞቱማ ያለ ችግር ይሳባል፤ ሰደፉ ጤነኛ ነው፤ አፈሙዙ ውስጡ ያበራል። የእኛ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይይዛል፤ የተሰነጠቀውም ሰደፍ በጠፍር ታስሯል። በዋጋ ከሆነ ጋሽ ገብረየስ ልክ ናቸው።

ነገሩ ስላልገባኝ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ኦቦ ሞቱማ በእናንተ ሰደፍ ላይ ስድስት ጭረት እንዳለ ታውቂያለሽ አሉኝ። አምስቱ የአባባ ግዳዮች ናቸው። ስድስተኛው ወጨጫ ተራራ ሥር ጥጃ ይፈጅ የነበረው ነብር ነው። ያን ቀን አባባ ጠመንጃውን ለጉርሜሳ አቀበለው፤ ጉርሜሳ ነብሩን ጣለው፤ አባባም ጭረቱን በገዛ ቢላው ሠራለት። ለቅሶ ላይ የሚወጣው ሟቹ የገደለበት ጠመንጃ ነው። በሌላ ባስለቅስለት ልጄን ዋሸሁበት አሉ። ለእሑዱ አርባ ይዋሱና ይመልሱት ብላቸው፣ በውሰት ጠመንጃ ሰው አይለቀስም፣ የቤቱ መሆን አለበት አሉኝ። እንግዲያው እንዲሁ ይውሰዱት ብላቸው ተቆጡ። የአባትሽን ንብረት በምጽዋት አልቀበልም አሉ።

ወንድሜ፣ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። አምስቱ ጭረት የእኛ ነው። ጥር ላይ የአባባ ሙት ዓመት ሲደርስ ምን ይዘን ልንወጣ ነው? እማዬን ጠየቅኳት። አባትሽ በአልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ሦስት ቀን ጠመንጃው ወጥቶ ተለቅሶለታል፣ ያ ልጅ ግን ገና አልተለቀሰለትም አለችኝ።

ስለዚህ ልውጡን ተቀብያለሁ። አርባው እሑድ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት ጠመንጃ ይዞ ደጅ መውጣት ስለሚያሳስር ቅዳሜ ጠዋት በጋቢ ጠቅልዬ በጓሮ አጥር በኩል ራሴ አደርሰዋለሁ። ለቅሶውም በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ ይሆናል። ጋሽ ገብረየስ ወንድ ልጁ ሳይፈቅድ ብለው ሽማግሌ ሊሰበስቡብኝ ነው። ይሰብስቡ። ሕጉ ለወንድና ለሴት ልጅ እኩል ያወርሳል፤ እኔ ድርሻዬን ሰጥቻለሁ። ያንተን ድርሻ ግን ሳልጠይቅህ ነው የሰጠሁት፤ መልስህ ሳይደርስ እሑድ ያልፋል። ከተቆጣህ በእኔ ተቆጣ፤ ለኦቦ ሞቱማ ግን የማጽናኛ ቃል ጻፍላቸው።

አረጋሽን ሳምልኝ፤ ድንቅቱን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሌትም ቀንም በጸሎቷ ታስብሃለች። ጋሽ ገብረየስም ቢያኮርፉኝ ሰላም በይልኝ ብለዋል። የጉርሜሳ እናት አዴ ጠጅቱ እንደምጽፍልህ ሲሰሙ የቤታቸውን ሰላምታ ነገሩኝ። ኦቦ ሞቱማ፣ እኔ፣ ልጆቹ፣ ጉርሜሳም ሰላም ብሎሃል በይው አሉ። አላረምኳቸውም፤ እንዳሉት ጽፌዋለሁ።

እኅትህ ትጊ
ዓለም ገና፣ ሰበታ
ጥቅምት 30 ቀን 2009 ዓ.ም.