ተጠርገው ስለሚመለሱት አርባ ሦስት ፋይሎች

ኅዳር 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ በኃይሉ
የኪሌሌሽዋና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ናይሮቢ

ጉዳዩ፦ የኮምፒዩተር ክፍሉ እስከ ዓርብ እንዲከፈት ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የመላ ቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም ከኮትዎ የውስጥ ኪስ የማትለየዋን የኮምፒዩተር ክፍል ቁልፍ ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ አባላቱ ከተዘጋው በር በዚህኛው ወገን ቆመን፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ስሜ ይድነቃቸው ይባላል፤ ከካሳራኒ በሁለት የማታቱ ታክሲ ወደ እድራችን ቤት የምመላለስ፣ በትርጉም ሥራ የምተዳደር፣ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቅ አባል ነኝ። ይህን የምገልጸው ስለማያውቁኝ አይደለም፤ ካለፈው እሑድ ወዲህ ከአባላቱ ሁሉ አብልጠው የሚያውቁት እኔን ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ እርስዎ ከለጠፉት የፋይሎች ዝርዝር ጎን፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመስቀል የደፈርኩት ክፍሉ ከተዘጋ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ስለሆነና ሳምራዊት የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን በኢንተርኔት የምታስገባበት ጊዜ ከነገ ወዲያ ዓርብ ቀትር ላይ ስለሚያበቃ ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ያልነበሩ አባላት እንዳይደናገሩ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሚሠራ አንድ አባላችን፣ መሥሪያ ቤቱ የጣለውን ኮምፒዩተር ለእድሩ ሲያበረክት እንደ ሙሽራ በጭብጨባ ተቀብለን፣ የሐዘን ድንኳናችንና ጎላ ድስቶቻችን ከሚቀመጡበት ክፍል ግማሹን ለቀቅንለት። ከዚያ እርስዎ የግማሽ ቀን ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ማናችንም ያላየነውን ጉድ አዩ፤ ለካ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ጊዜያዊ ፋይልና ኩኪ የሚባሉ፣ የጎበኘናቸው የኢንተርኔት ገጾች ትተዋቸው የሚሄዱ ጥቃቅን ነገሮች ተከማችተው ኖሯል። በየማታው እንዲጠረጉ አዘዙ። ለጠረጋውም፣ በምግብ ቤታቸው አንዲት ማንኪያ ሳትታጠብ አድራ የማታውቅባቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ተመደቡ።

የትኛውን እንደሚጫኑ በወረቀት ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እትዬ ማንጠግቦሽም እኔ ማታ ማታ ኮምፒዩተሩ ላይ ጋዜጣዬን አንብቤ ከወጣሁ በኋላ ሁሉንም አጥፍተው፣ ዜሮ መሆኑን በዓይናቸው አይተው፣ መስታወቱን በጨርቅ ወልውለው፣ አማትበው በሩን ይዘጉና ቁልፉን ለእርስዎ ያስረክባሉ። ጠዋት እርስዎ ከፍተው ሲመረምሩ ግን አርባ ሦስት ሆነው ተገኙ። በማግስቱ ሠላሳ ዘጠኝ። በሠልስቱ ደግሞ እንደገና አርባ ሦስት።

ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን ኖሮ አንድ የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ ነበር። እርስዎ ግን በዚህ ሳይዘገዩ፣ ሌሊት እየገባ የሚያስቀምጥ እጅ መኖሩን ደረሱበት። በዓለም ላይ ሌባ ሁሉ ሲወስድ፣ ሳይወስድ የሚያስቀምጥ ሌባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በእኛ እድር ነውና እንኳን ደስ አለዎት። ምስጋናዬንም በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. አውጫጭኝን ስላስነሡልን አመሰግናለሁ። የቀድሞ ሰዎች ከብት ሲሰረቅ አገሩን አንድ ቦታ ሰብስበው፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም እያሉ የሚያካሂዱትን ይህን ሥርዓት ከመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው። እሑድ ዕለት ግን ሃያ ስድስት ሰዎች ከጃካራንዳው ዛፍ ሥር በለቅሶ ወንበር ተቀምጠን፣ የግቢው በር ተቆልፎብን፣ ከምሳ እስከ ፀሐይ ግባት በአካል ኖርኩበት። አቶ ኑሬ የኢስሊ ሱቃቸውን ለሠራተኛ ጥለው መጥተው፣ «ወላሂ፣ ይህን ዕቃ አንድ ቀን ነው የነካሁት፤ እሱንም ፀሐይ ሲመታው አሳዝኖኝ» ብለው ሲምሉ፣ ያን ቀን በእጃቸው ምን ይዘው እንደነበር መጠየቃቸው የምርመራውን ጥልቀት ያሳያል። እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቢጠየቁ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «ማታ ባዶውን ትቼው ጠዋት አርባ ሦስት ሆኖ ካገኛችሁት ወልዷል እንጂ ሌላ ምን ይባላል!» አሉ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ፤ «የመውለዱ ጉዳይ በይደር ታልፏል» ይላል። በጥንቱ ሥርዓት ምሥጢር ነጋሪው ወፍ ይባል ነበር፤ የእኛም ወፍ ከኋላ ወንበር፣ «ማታ መጨረሻ የሚወጣው ማነው?» ብላ ብትዘምር ሃያ አምስት ራስ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ከወጣሁ በኋላ መጠረጉ፣ ዜሮ መሆኑም መረጋገጡ ለማንም እንቅፋት አልሆነም።

2. የክፍሉ በር ቁልፉ ሁለት ጊዜ ስለተቀየረለት፣ ኮምፒዩተሩም ሌሊት እንዳይደፈር ነጠላ ስለለበሰ አመሰግናለሁ። ዘበኛችን እስከ ዛሬ፣ ከነጠላው ሥር የሚተኛው ማን እንደሆነ በስዋሂሊ እየጠየቀን ነው።

3. እሑድ ዕለት ለማስረዳት ስነሣ፣ «አቶ ይድነቃቸው፣ እውቀት አታብዛብን» ብለው በጊዜ ስለገቱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ግን በጽሑፍ ነውና፣ አልሰማም ቢሉ ዓይንዎን ከመክደን በቀር መግቻ የለዎትም።

ክቡርነትዎ ጊጊሪ ለጉዳይ ሄደው ያውቃሉ። በር ላይ ያለው ዘበኛ ስምዎን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ደረትዎ ላይ የሚያንጠለጥሉት ቁጥር ይሰጥዎታል። ቁጥሩን ወደ ቤትዎ ይዘው ሄደው ማታ ቢያቃጥሉት፣ ጠዋት ተመልሰው ሲሄዱ ዘበኛው፣ «ትናንት የሰጠሁህን ስላቃጠልከው ዛሬ ዝም ብለህ እለፍ» አይልዎትም፤ አዲስ ይሰጥዎታል። ኩኪ ማለት ይህችው ቁጥር ናት። የኢንተርኔት ገጽ በተከፈተ ቁጥር ገጹ ራሱ ይሰጠናል፤ ኮምፒዩተሩ ይቀበላል። ጊዜያዊ ፋይል ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ማታ ወጥ ቤታቸውን አጥበው ያድራሉ፤ ጠዋት ወጥ ሲሠሩ ልጣጭ ይኖራል። «ትናንት የጠረግሁትን ልጣጭ ማን መለሰው?» ብለው አስተናጋጆቻቸውን ዛፍ ሥር ሰብስበው አያውቁም። ትናንት የተጠረገው አልተመለሰም፤ ዛሬ የሠራነው የራሱን ይዞ መጣ እንጂ። ልጣጭ የማይወጣው ወጥ ያልተሠራ ቀን ብቻ ነው። እርስዎም ክፍሉን ቆልፈው ይህን ፍጹም ንጽሕና አስገኝተዋል። ካለፈው እሑድ ጀምሮ ኮምፒዩተራችን እንከን የለበትም፤ አይሠራም።

ሳምራዊትን ያውቋታል። እዚሁ ናይሮቢ የተወለደች፣ በለቅሶ ቤት ለሽማግሌዎቻችን የስልክ መልእክት የምታነብላቸው ልጅ ናት። በኬንያ የመልቀቂያ ፈተና ያመጣችው ውጤት ለእድሩ ሲነገር ለማጨብጨብ ከሁሉ ቀድመው የቆሙት እርስዎ ነበሩ። የነርስነት ትምህርት ልታመለክት ድርሰቷን አምስት ሳምንት ጻፈች፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ነጠላ ሰረዞቿን አቃናሁ። ኢንተርኔት ወደሚከራይበት ሳይበር ቤት ትሂድ እንዳይሉኝ፣ ድርሰቱም፣ የምስክር ወረቀቶቿ ቅጂም ያሉት ነጠላ በለበሰው ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ነው። ሰኞ በሩን ነክታው ተመልሳ፣ «ጋሼ፣ ዴድላይኑ ፍራይደይ ነው፤ ሳሳ ኒፋኜ ኒኒ?» አለችኝ። አሁን ምን ላድርግ ማለቷ ነው። በሁለት ቋንቋ እየተረጎምኩ የምኖር ሰው፣ መልስ ፍለጋ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሄድኩ።

ማስታወቂያዎ «ጥፋተኛው ራሱን እስኪያጋልጥ ድረስ ክፍሉ ተዘግቷል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ጥፋተኛው የግድ ማጥፋት አለበት የሚል ቃል አላገኘሁበትም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ማታቱ በማይገኝበት ሰዓት ከካሳራኒ በእግሬ መጥቼ፣ ሁለት ጊዜ በተቀየረው ቁልፍ ቀዳዳ ሾልኬ፣ ነጠላውን ገልጬ፣ አርባ ሦስቱን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ በተገኙበት ሌሊት ደክሞኝ ስለነበር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተባባሪ አልነበረኝም፤ አቶ ኑሬም ነፃ ይውጡ። በደንባችን መሠረት የአንድ ዓመት እገዳ ይገባኛልና ከዛሬ ጀምሮ እቀበላለሁ። ያቺ የማታ አንድ ሰዓቴና የአገር ቤት ጋዜጦቼ እንደሚናፍቁኝ አልሸሽግም፤ ይሁንና ዜናው ዓመት ቆይቶም ያው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አይጠብቅም። እነሆ ራሴን አጋለጥኩ፤ እርስዎም እንደ ቃልዎ ይክፈቱ።

እኔ ከታገድኩ በኋላም ፋይሎቹ ተመልሰው ቢገኙ ደግሞ አይደንግጡ፤ ድንኳኑን አስተክለው ሁለተኛውን አውጫጭኝ ይጥሩ። የኅዳር ዝናብ ስለሆነ ዛፉ ሥር አይመችም።

አንድ ኮምፒዩተር ከሃያ ስድስት ሰዎች ጠብቀው፣ ሃያ ስድስቱንም እርስ በርስ ያስተዋወቁ አባታችን ሆነው እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም እንዳወለቅሁ ተቆጥሮልኝ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎና በገዛ ፈቃዱ ጥፋተኛዎ፣
ይድነቃቸው
ከካሳራኒ

ግልባጭ፦
ለእትዬ ማንጠግቦሽ (በይደር ለታለፈው ልደት)
ለዘበኛችን (ከነጠላው ሥር ማንም የለም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለማስረጃ ብለው በትልልቅ ፊደል አሳትመው የለጠፉትን የአርባ ሦስቱን ዝርዝር አሁን ቆሜ አነበብኩት። ለካ እያንዳንዱ ፋይል የመጣበትን ገጽ ስምና የተወለደበትን ሰዓት ይዞ ኖሯል። ሁሉም የተወለዱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር እስከ ሁለት ሰዓት፣ ይኸውም ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ማደሩን እርስዎ ብቻዎን በሚመረምሩበት ሰዓት ነው። ሠላሳ አራቱ ከአንድ የእንግሊዝ እግር ኳስ ቡድን ገጽ የመጡ ናቸው። ስለ ቀሪዎቹ ዘጠኝ ምንም አልናገርም፤ ከራስዎ የማይወርደውን ባርኔጣዎን ምን ጊዜም እንደማከብር፣ ፀጉርም ቢሆን በጊዜው እንደሚበቅል ብቻ ልግለጽ። ዝርዝሩ በአንዲት ስፒል ነው የተያዘው። ስፒሏን መንቀልና የክፍሉን በር መክፈት አንድ ሰው ዛሬውኑ፣ ሌላው አባል ሳያነብ፣ በአንድ ጉዞ ሊፈጽማቸው የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ደብዳቤዬንም አብረው ቢነቅሉት አልቀየምም።