ሁለቱ የእርሳስ መስመሮች

ቅዳሜ፣ ጥር 15 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ አቃቂ

ዛሬ በመሐንዲሶች ማኅበራችን ምርጫ ተሸነፍኩ። ለሥራ አመራር ምክር ቤቱ አንድ ወንበር የተወዳደርነው እኔና የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ነበርን። እኔን የጠቆመኝ በፋብሪካው አብሮኝ የሚሠራው ሙሉጌታ ነው። ተነስቶ ሲያሞግሰኝ አፍሬ አቀርቅሬ ነበር።

መራጩ ሁሉ የሚፈልገውን ስም በባዶ ወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ከተተ። አስመራጩ እያንዳንዱን ወረቀት ለሁለታችን እያሳየ ያነባል። አንዱ ላይ ስሙ የተጻፈው በሁለት ስስ የእርሳስ መስመሮች መካከል ነበር። ሙሉጌታ አዲስ ተቀጣሪ ሳለ፣ ንድፍ ላይ ከመጻፉ በፊት ፊደሉ እኩል እንዲሆን ከላይና ከታች በእርሳስ እንዲያሰምር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የፈቃድ ቅጽ እንኳ ሳያሰምር አይሞላም። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ሌላ ያሰመረ ሰው አላየሁም። የተጻፈው የሥራ አስኪያጁ ስም ነው።

የተሸነፍኩት በሰፊው ስለሆነ የእሱ አንድ ድምፅ አያድነኝም ነበር። ሥራ አስኪያጁን ፈርቶ ከሆነም ይገባኛል፤ የልጆች አባት ነው። ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ጠቆመኝ?

የተመለስነው በአንድ ሚኒባስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። ቃሊቲ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «አይዞህ ጋሼ፣ እኔ እንኳ ላንተ ነው የሰጠሁት። ሰው ነው የከዳህ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሰኞ እሱ የሠራው ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፤ አይቼ መፈረም አለብኝ። ጽፎ ሲጨርስ መስመሮቹን አያጠፋቸውም። አታጥፋቸው ያልኩትም እኔ ነኝ።