ሕመማቸውን በስሙ ያስጠሩት እትዬ ማይክ

በሥራ ባልደረቦቻቸውና በመንገደኛው ሁሉ ዘንድ «እትዬ ማይክ» እየተባሉ የሚጠሩት ውድ እህታችን፣ ከጣውላ መሰንጠቂያ ሠራተኛው አባታቸውና የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፉ ቤቱን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከመሰንጠቂያው አጥር ጋር በተያያዘች ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በላይ ታላቅ ወንድማቸው፣ ከእርሳቸው በታች ደግሞ ይህን ታሪክ የጻፈችው እህታቸው አሉ። መጋዙ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚጮህ በዚያ ቤት ውኃ አቀብሉኝ ለማለት እንኳ ጉሮሮ ያስፈልግ ነበር። እትዬም አፋቸውን የፈቱት በጩኸት ነው። እናታችን «ይቺ ልጅ ስታለቅስ መጋዙ ራሱ ያፍራል» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው አጠናቀዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ ብንል አብረዋቸው የተማሩት ይታዘቡናል። የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ በተበላሸ ቁጥር ግን ርእሰ መምህሩ የሚያስጠሩት እርሳቸውን ነበር፤ የተማሪውን ሰልፍ በባዶ ጉሮሯቸው ጸጥ ያሰኙት ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በአውቶቡስ መናኸሪያ በቲኬት ሻጭነት ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆይ የመናኸሪያው አስተዋዋቂ ታመው ሲቀሩ «እስኪ ለዛሬ አንቺ ያዢልን» ተባሉና ወደ ማይክሮፎኑ ክፍል ገቡ። ያ «ለዛሬ» ሠላሳ ዓመት አለፈው። ክፍሏ ከመንገደኞች መጠበቂያ አዳራሽ በላይ የተሰቀለች፣ ወንበርና ማራገቢያ ከገባባት ለሰው ቦታ የማይተርፍባት ጠባብ ክፍል ናት። እትዬ ከዚያ ሆነው በመስታወቱ ቁልቁል እያዩ አዳራሹን እንደ ቤታቸው ያስተዳድሩት ነበር። «ቡናማ ሻንጣቸውን ጥለው ሻይ ሊጠጡ የሄዱት አባት፣ ሻንጣዎ ብቻውን ሊሳፈር ነው» ይላሉ። ቆሞ የሚያወራ ሹፌር ካዩም «ጨዋታው ካለቀልህ መንገደኛው እየጠበቀህ ነው» ብለው በሕዝብ ፊት ያሳፍሩታል።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚያው ማይክሮፎን ነው። የመናኸሪያው ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። በአንድ ወቅት «መካኒክ ወደ አራተኛ በር» የሚለው ጥሪ በዛ፤ መካኒኩ የመፍቻ ሣጥናቸውን ተሸክመው እየሮጡ ሲመጡ አራተኛ በር ላይ የተበላሸ አውቶቡስ የለም። ቀስ እያለ ነገሩ ሲገባቸው ሣጥኑን ትተው ፀጉራቸውን አበጥረው መምጣት ጀመሩ። በ1980 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እትዬ ገና ሃምሳ ዓመት እንደሞላቸው ነገር ዓለሙ ይዛባባቸው ጀመር። የሄደውን አውቶቡስ ገና ሊሄድ ነው ብለው ይጠራሉ። የአንዱን በር ለሌላው ይሰጣሉ። ከመጸዳጃ ቤት ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ደረጃው ጠፍቷቸው ሻንጣ ማስቀመጫው ጋ ቆመው ይገኛሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሴትየዋ ቀምሳ ነው የምትመጣው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ በዘመናቸው ጠጥተው የማያውቁት እህታችን በስካር ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ባለቤታቸው የተናገሩት ሁሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ሲወጣ እያዩ «ልብሽ ሌላ ቦታ ነው» ይሏቸው ነበር። ሐኪሞችም አንዱ ድካም ነው አሉ፣ ሌላው የዕድሜ ለውጥ ነው አሉ፣ ሦስተኛው ሐሳብ አታብዢ ብለው የእንቅልፍ ክኒን አዘዙላቸው። የእህታችን የጨለማ ዘመን ብለን የምንቆጥረው በሽታው የታወቀበትን ሳይሆን ይህን ያልታወቀበትን ጊዜ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው አሻፈረኝ ብላ ወደ አእምሮና ነርቭ ሐኪም ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ምርመራውን ጨርሰው፣ የያዛቸው ባልተለመደ ዕድሜ ቀድሞ የሚመጣ የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ ፈውስም እንደሌለው በጥንቃቄ ነገሯቸው። እትዬ «ተመስገን!» አሉ። ሐኪሟ ያልገባቸው መስሏቸው እንደገና አስረዷቸው። እትዬም «ኧረ ገብቶኛል ዶክተር። እኔኮ ሰነፍ የሆንኩ፣ ባሌን የጠላሁ፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ታምሜ ነው!» አሉ። ባለቤታቸው ኮሪደር ላይ ወጥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስለ በሽታው ብቻ ሳይሆን፣ የሚስታቸው ልብ ሌላ ቦታ እንዳልነበረ ስላወቁም ነበር። በዚያን ቀን ሦስቱም እየሳቁ ወደ ቤት እንደገቡ ልጃቸው ዛሬም ታወራለች።

ሳቁ ግን በቤተሰብ ስብሰባ ላይ አበቃ። ጨርቅ ነጋዴው ታላቅ ወንድማችን ጉዳዩ ከቤት እንዳይወጣ አጥብቀው አዘዙ። ለጋብቻ የደረሱ ሴቶች ልጆች ነበሯቸውና፣ «ዘራቸው ያብዳል ከተባለ ማን ያገባቸዋል?» ብለው ፈሩ። «የጠየቃችሁን ሁሉ ደም ግፊት ነው በሉ፤ ደም ግፊት ማንንም አያሳፍርም» አሉ። ስለዚህ እትዬ በሕመሙ ምክንያት ጡረታ ወጥተው ቤት ሲውሉ ደም ግፊተኛ ተባሉ። የሰፈሩ ሰው በቅንነት ጨው ከለከላቸው። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ሲጠፋቸው ግን ደም ግፊት ያለባትን ሴት ማን ቤቷ ያደርሳል? አላፊ አግዳሚው ሰክራለች ብሎ ይስቃል። አንድ ቀን ከሰዓታት ፍለጋ በኋላ ተገኝተው ሲመጡ፣ «በሽታው ሳይሆን ምስጢሩ ነው የሚገድለኝ» አሉን። አንደበታቸው ሳይከዳቸው በፊት የታመሙትን በሽታ በስሙ ጠርተው ለሕዝብ ለመንገር ቆረጡ። የሚነግሩበትንም ቦታ ለመምረጥ አልተቸገሩም።

የመናኸሪያው ኃላፊ ስለዚያ የስካር ማስጠንቀቂያ ይቅርታ ጠይቀው ማይክሮፎኑን ፈቀዱላቸው። በ2009 ዓ.ም. አዳራሹ በመንገደኛ ጢም ብሎ በሞላበት አንድ ጠዋት፣ ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመው እትዬ ቁልፉን ተጫኑ። «የተከበራችሁ መንገደኞች፣ እኔ እትዬ ማይክ ነኝ። ደም ግፊት ይዟት ነው የጠፋችው ተብላችሁ ከሆነ ውሸት ነው። የያዘኝ የመርሳት በሽታ ነው። የሽማግሌ በሽታ ብቻ ይመስላችኋል፤ እኔ ግን ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ። ከዚያም ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ «ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ከሁለተኛ በር ሊነሣ ነው፣ ተሳፋሪዎች ባስቸኳይ ግቡ!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ልጅ ያዘለች ትሮጣለች፣ ጆንያ የተሸከመ ይጋፋል፣ ሻይ የያዘ ሻዩን ይደፋል። ባለቤታቸው ደንግጠው «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ምንም አውቶቡስ የለም!» ሲሉ ቁልፉ አልተለቀቀምና እርሳቸውም በድምፅ ማጉያው ተሰሙ። እትዬ በመስታወቱ ቁልቁል ትርምሱን አዩ። የእርሳቸው ሥራ መሆኑ ሲገባቸው ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ሳቁም በማጉያው ወጣ። «አያችሁ ወገኖቼ? በሽታው ይኸው፣ ዓይናችሁ እያየ መጣ! አልሰከርኩም፣ አላበድኩም፣ ታምሜ ነው። በሉ ተቀመጡ፣ አውቶቡሱ ገና ነው። እንደ እኔ ግራ የገባው ሰው ቤታችሁ ካለ አትሳቁበት፣ አትደብቁት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት» አሉ። ሁለተኛ በር ላይ የተጋፋው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎም አጨበጨበ። እትዬ ከክፍሏ ሲወርዱ አንዲት ሴት ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀቻቸው፤ አስተማሪው ባሏ በጎልማሳነቱ ከሥራ ተባሮ ቤት ተቆልፎበት እንደሚውል ነገረቻቸው።

እትዬ ከዚያ አስተማሪ ጋር የጀመሩት ስብስብ እያደገ ሄደ፤ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በራዲዮ እየቀረቡ የሚያስተምሩበት ማኅበር ሆነ። አንዱ ንግግሩ መሐል ሲጠፋበት ሌላው ይቀበለዋል፤ ሁለቱም ከጠፋባቸው ተያይተው ይስቃሉ፣ አድማጩም አብሮ ይስቃል። የመናኸሪያው ሹፌሮችና ቲኬት ሻጮች ግራ የገባውን መንገደኛ ሰካራም ከማለት ይልቅ አረጋግተው እንዲይዙት ሠለጠኑ። በዚህም ምክንያት ጠፍተው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሕሙማን፣ ከነበረባቸው ጥርጣሬ ያረፉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ዛሬም በመካከላችን ተገኝተዋል።

ታላቅ ወንድማችን ሱቃቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በመሆኑ ያንን ንግግር ከነሳቁ ሰምተውታል። በዚያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ለወራትም የእህታቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ፈርተው ነው። ሴቶች ልጆቻቸው በወጉ ተዳሩ። ከዚያ በኋላ እትዬን በመኪናቸው ወደየስብሰባው የሚያመላልሷቸው እርሳቸው ሆኑ። ግን አዳራሽ አይገቡም፣ ውጭ ይጠብቃሉ። በሽታውንም በስሙ አይጠሩም ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እትዬ ቃል ከዳቸው። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የማኅበሩ ሰዎች ሳይሰለቹ አስታመሟቸው። ቤታቸው አንድም ቀን ተቆልፎባቸው አያውቅም፤ ፀሐይ የሚሞቁት በራፍ ላይ ነበር፣ አላፊ አግዳሚውም ሰላም ሳይላቸው አያልፍም ነበር። ማረፋቸው አሳዝኖናል፤ ከዚያ ድካም በመገላገላቸው ግን እፎይ ብለናል፣ ይህንንም ለመናገር አናፍርም።

እትዬ ማይክ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናትና የአንዲት ልጅ አያት ነበሩ። መናገር ሳይሳናቸው ለቤተሰቡ የተዉት አደራ አንድ ነው፤ «‘ባደረባት ሕመም’ ብላችሁ እንዳትቀብሩኝ። ስሙን ጥሩት። የሚያነበውም ወንድሜ ይሁን።» ወንድማችንም እሺ ብለው፣ የሚቀጥለውን መስመር በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ይኸው በፊታችሁ ቆመው እያነበቡት ነው፦

እህቴ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በስልሳ ዓመቷ ያረፈችው በመርሳት በሽታ ነው።

የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበል።